ወደ አሥረኛው ሳምንት የተገፋው ትምህርት

አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

የጡረተኞች መማማሪያችን ሰባተኛ ወቅቱን ሐሙስ ይጀምራል። ከቤተ መጻሕፍቱ የጋዜጣ ክፍል ኋላ ያለውን ሰፊ ክፍል ዛሬ ራሴ ከፍቼ ወንበሮቹን ቆጠርኩ። ሃያ አራት ናቸው፤ የሁለቱ እግር ላልቷል። የላሉትን ጥግ አስያዝኳቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ዎርድ ላስተዳደረ ሰው ወንበር ማስተዳደር ምን አላት!

ደንባችን ቀላል ነው። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም (እኔ አስተባባሪ እንጂ አለቃ አይደለሁም)፣ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ደግሞ በሌላው ክፍል ቁጭ ብሎ ይማራል። ልብስ ሰፊው ማክሰኞ ሥዕል ያስተምራሉ፤ ሐሙስ የእኔን የጤና ትምህርት ይማራሉ። ርእሰ መምህሯ ረቡዕ ታሪክ ታስተምራለች፤ ማክሰኞ ሥዕል ትማራለች። ሾፌሩ ዓርብ ቼዝ ያስተምራል፤ በቀረው ቀን ሁሉም ክፍል እየገባ ይቀልዳል። እኔ የምማርበት ጊዜ ግን ስድስት ወቅት ሙሉ አልተገኘም። ማስተባበር ጊዜ ይበላል፤ ይሄን ማንም አይረዳልኝም።

አንደኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው መማር የሚፈልገውን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፍና የጫማ ካርቶን ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍም፤ ሰው ስለ ፊኛውና ስለ አንጀቱ ሳያፍር እንዲጠይቅ ብዬ ነው። ብዙ ወረቀት ያገኘው ርዕስ ይቀድማል። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እንቅልፍ ማጣት አራት፣ ጉልበት ሦስት፣ ስኳር ሁለት፣ አንዳንድ ብቻ ያገኙ ሰባት ርዕሶች። የቀሩት ስድስቱ ወረቀቶች አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፤ «እጅ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?» ስድስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ቃሉ ግን አንድ። መቼም ሬዲዮ ላይ የሆነ ነገር ተወርቶ ይሆናል። ሰው ሬዲዮ ላይ የሰማውን በሽታ በሳምንቱ ይዞት ይመጣል፤ በሥራ ዘመኔ መቶ ጊዜ አይቻለሁ።

በእንቅልፍ ማጣት እንጀምራለን። የእጁ ነገር ዝግጅት ይፈልጋል።

አንደኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ይሄ እስክሪብቶ የማይረባ ነው። ሌላ እገዛለሁ።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የእንቅልፉ ትምህርት ግሩም ሆኖ አለፈ። አንዱ ተማሪዬ በትምህርቱ መሀል ማንኮራፋቱን ሾፌሩ «ሲስተር፣ ይኸው መድኃኒቱ ሠራ» ብሎ አበሰረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛው፣ ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው ስዞር ርእሰ መምህሯ ብድግ ብላ «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍልሽ» ብላ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችው። ርእሰ መምህርነት ከደም አይወጣም መሰለኝ። ሁለተኛው የሻዩ ነገር ነው። ሻይ የሚቀዱት ልብስ ሰፊው ናቸው። ለሰው ሁሉ እስከ አፉ ሞልተው ለእኔ ሲደርሱ ግማሽ ላይ አቆሙ።

«ምነው፣ ስስቱ ለእኔ ሲሆን ነው?» አልኳቸው።

«ትኩስ ስለሆነ ነው ሲስተር፤ ቶሎ እንዲበርድልዎ ብዬ።»

ጨዋ ሰው ናቸው። ስስታም መሆናቸውን ግን ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ርእሰ መምህሯ ከሥዕል ክፍል ስትወጣ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«ብዙ ወረቀት ያገኘ ርዕስ ይቀድማል አይደል ደንቡ?»

«አዎ። ምነው?»

«እንቅልፍ ነው እንዴ ብዙ ያገኘው?»

«እንቅልፍ ነው» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። የስድስቱን ወረቀት ነገር ከየት አወቀች? ካርቶኑን ከእኔ በቀር ማንም አልከፈተውም። በወቅቱ ማብቂያ የአስተባባሪ ምርጫ አለ፤ ዓይኗ ወንበሬ ላይ መሆኑን ድሮም እጠረጥር ነበር። ትወዳደር። ሰባት ወቅት ይህን ነገር በትከሻዬ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ሰዉም ያውቃል።

ውሸቱ ግን አልፎ አልፎ እየመጣ ይቆረቁረኛል።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጉልበት። አሥራ ዘጠኝ ሰው። ጥሩ። ቸኩያለሁ።

አራተኛ ሳምንት፣ እሑድ

ልጄ መጣች። ልንወጣ ስንል ሳልጠይቃት የሹራቤን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈችልኝ።

«ምነው፣ መዋዕለ ሕፃናት ልትወስጂኝ ነው?»

«አርባ ደቂቃ ጠበቅኩሽ እኮ እማዬ» አለች።

አርባ ደቂቃ! ማጋነን ከአባቷ የወረሰችው ነው። ቀጥላ ደግሞ ባለፈው በጎረቤት የላክሁላትን ማስታወሻ ማንበብ እንዳቃታት ነገረችኝ። ፊደልሽ እንደ ጉንዳን አንሷል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ይጠፋል አለች። ወረቀቱ ጠቦኝ ነው አልኳት። «ሐኪም ዘንድ አብረን ብንሄድስ?» አለች።

«ሐኪም ምን ሊነግረኝ? ግማሾቹ መርፌ አያያዝ የተማሩት ከእኔ ነው።»

በዚህ ተሳሳቅን። እሷ ግን ከልቧ አልሳቀችም። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራ ስለሚበዛባት ጭንቀቷን የምታራግፍበት ታጣለች።

አምስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ስኳር። ሃያ ሰው። ስለ ትምህርቱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ አሁን ቆሽቴ አርሯል።

ከክፍል በኋላ መስኮቱን ልዘጋ ስጠጋ ሾፌሩና ልብስ ሰፊው ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ያወራሉ። መስማት አልፈለግኩም፤ ግን መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ይገባቸዋል ብለው ነው?» ይላል ሾፌሩ።

«ጊዜ እንስጣቸው። ራሳቸው ይድረሱበት። በግፊት ከሆነ እልህ ይይዛቸዋል።»

«የእኔ ፍርሃት እስከ መጨረሻው ቀን እምቢ እንዳይሉ ነው።»

«እንግዲያ ያን ጊዜ እንነግራቸዋለን።»

እንግዲህ እነሱም ገብተውበታል ማለት ነው! ከአስተባባሪነት ሊያወርዱኝ ሦስቱ መክረዋል። ከርእሰ መምህሯ እጠብቅ ነበር። ስለ ሾፌሩም ግድ የለኝም፤ ነፋስ ወደ ነፈሰበት ነው። ልብስ ሰፊው ግን? ባለፈው ዓመት ሲታመሙ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁስላቸውን ያጠብኩላቸው እኔ አይደለሁም? ሆድ ባሰኝ። ቤት እስክደርስ ከራሴ ጋር እያወራሁ ሄድኩ።

አልወርድም። በድምፅ ያውርዱኝ።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

አዲሱን መርሐ ግብር አስተካከልኩ። ለስምንተኛው ሳምንት መድቤው የነበረውን የእጅ ነገር ወደ አሥረኛው ገፋሁት። በስምንተኛው የደም ግፊት ይሻላል፤ አንገብጋቢ ነው።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ለውጡን ሳነብ ሾፌሩ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ ይሄ የእጁ ትምህርት እኔ የነዳሁትን አውቶቡስ ሆነ። ሁሌ መጣ መጣ ይባላል፣ ፌርማታው ላይ ያለው ሰው ግን አርጅቶ ያልቃል።»

ሁሉም ሳቁ። ልብስ ሰፊው አልሳቁም። ዛሬም ግማሽ ስኒ ነው የሰጡኝ። ሳልጠጣው ተውኩት።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

እንደ ዛሬ ያለ ቀን አይድገመኝ።

የዛሬው የቁስል አስተሳሰር ነበር። ጨለማ ውስጥ፣ በሚሮጥ አምቡላንስ ውስጥ፣ በአንድ እጄ ፋኖስ ይዤ የሠራሁት ሥራ ነው። ልብስ ሰፊውን ፊት ለፊት አስቀምጬ ክንዳቸው ላይ ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ፋሻው ከእጄ አመለጠና እየተተረተረ በወንበሮቹ ሥር እስከ በሩ ድረስ ተንከባለለ። የሚስቅ ሰው ቢገኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ፋሻውን እየጠቀለሉ አመጡልኝ። «ይሄ ወለል ዘመም ይላል» አሉ።

«ታካሚ አይነሣም! ማን ተነሡ አለዎት? ቁጭ ይበሉ!»

በዎርድ ድምፄ ነው የጮህኩት። የሰባ አራት ዓመት ሰው ላይ፣ በሃያ ሰው ፊት። ቁጭ አሉ፣ ክንዳቸውንም እንደገና ዘረጉልኝ። ፋሻውን ርእሰ መምህሯ አሰረችው። ልብስ ሰፊው ሻይ ሳይቀዱ ሄዱ።

ጥፋተኛ ነኝ። በሌላ ነገር ላሳብበው አልፈልግም፣ ጥፋተኛ ነኝ።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

የሥዕል ክፍል አልነበረም። በሩ ላይ «መምህሩ አልተመቻቸውም» የሚል ተለጥፏል።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የደም ግፊት። አሥራ አራት ሰው። ልብስ ሰፊው የሉም። ሁሉም በጣም ትሑት ሆነውልኛል። ከትሕትናቸው ስድባቸው ይሻለኝ ነበር።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ዛሬም ቀሩ። ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ቤቱ ድረስ ይጠየቃል፤ ይህም የእኔ ደንብ ነው። ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ያሉኝን አልጽፈውም።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ውስጤ ይዞር ይዞርና ሌላ ነገር ይመስላል።

በሩን የከፈቱልኝ መቀሳቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው ነው፤ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት አልፏቸውም መቀሱ ከአንገታቸው አልወረደም። ያስቀመጡኝ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው አልኩ። «የምን ይቅርታ ሲስተር፣ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ። እውነትም አፍንጫቸው ቀልቷል። እኔ ግን ስለ ፋሻው ብዙ ተናገርኩ፤ ወለሉ ዘመም ማለቱንም ጨመርኩበት።

አስጨረሱኝ። ከዚያ ስለ ባለቤታቸው ነገሩኝ። ከስምንት ዓመት በፊት እንደሞተች አውቅ ነበር፤ በምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልብስ ላይ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ነበረች። አንድ ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት ተወች። ዓይኔ ደከመ አለች፤ መነጽር ገዙላት። እጇን ሽርጧ ሥር አድርጋ መቀመጥ ጀመረች፤ በረደኝ አለች፤ ምድጃ ገዙላት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ስትደብቅ እሳቸውም እንዳላዩ ሲሆኑ፣ ሐኪም ዘንድ የሄዱት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ነው።

«ሲስተር፣ እኔ ያኔ ብናገር ኖሮ ሁለቱ ዓመት በመደባበቅ አያልቅም ነበር» አሉ። «ስድስቱን ወረቀት ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረቱን አጣሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ብዬ ተነሣሁ። ገብቶኛል። ቆጥቻቸው ነው የወጣሁት። እንዴት አድርገው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን መብት! መንገድ ላይ ግማሹ ስኒ ትዝ አለኝ። ጠመኔውም። በመስኮት የሰማሁትም። እኔ ወንበሬን ሊነጥቁኝ ነው ስል እነሱ ለካ ሻዬ እንዳይፈስብኝ ይጠነቀቁ ኖሯል። ቁጣዬ የትም አልሄደም፤ የሚያርፍበት ሰው አጣ እንጂ። እኔ ነርስ ነኝ። የሚያስታምሙኝ እኔ ሳላውቅ፣ ያለ ፈቃዴ፣ ሰባት ስምንት ሆነው ነው።

ደግሞም አውቅ ነበር። ቀኝ እጄ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይጀምረዋል። ከዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ደብተር እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ለውጧል።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጠቅላላ ጥያቄና መልስ። አሥራ ስድስት። ልብስ ሰፊው ሳል ይዘው መጡ። ሻዩን ጠጣሁ።

አሥረኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ሃያ ሦስት ሰው መጣ፤ በወቅቱ ትልቁ ቁጥር። የላሉት ወንበሮች ላይ ሳይቀር ተቀመጡ።

ማስታወሻ አልያዝኩም። ጠረጴዛውን ወደ መሀል ጎትቼ ተቀመጥኩና ቀኝ እጄን ላዩ ላይ አኖርኩ። ሁሉም እንዲያይ ጠበቅኩ። ጀመረው። አውራ ጣቴ ከጠቋሚው ጋር ክር የሚያሾር ይመስል ይመላለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳላቋርጥ አየሁት።

«የዛሬው ርዕሳችን ደንቡ እንደሚለው በመጀመሪያው ሳምንት መቅረብ ነበረበት» አልኩ። «ስድስት ወረቀት ነበረው። እንቅልፍ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን እዩ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ነው የሚንቀጠቀጠው። ስኒ ሳነሣ ይቀንሳል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ነው።»

ከዚያማ ማን ይያዘኝ። እጅ የሚያንቀጠቅጠው ነገር ብዙ መሆኑን፣ አንዳንዱ ከመድኃኒት፣ አንዳንዱ ከእንቅርት፣ አንዳንዱ በዘር እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ቁልፍ መቆለፍ ሲከብድ፣ ፊደል ሲያንስ፣ ሲራመዱ አንዱ ክንድ መወዛወዝ ሲተው ምን እንደሚባል ነገርኳቸው። ተነሥቼ በወንበሮቹ መሀል ተራመድኩና ክንዴን አሳየኋቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ካስተማርኩት ትምህርት እንዲህ የጠራ አልነበረም፤ ይህን ስል እየኮራሁ ነው።

«ሐኪም አይተዋል?» አለ ሾፌሩ። አልቀለደም።

«አላየሁም።»

ርእሰ መምህሯ ጠመኔውን ወርውራ «አንቺ! ነርስ ሆነሽ!» አለችኝ።

«ነርስ ስለሆንኩ ነው» አልኳት። «የማላውቅ ብሆን በነጋታው እሄድ ነበር።»

ያን ጊዜ ፈርቻለሁ አልኳቸው። ሃያ ሦስት ሰው ፊት ፈርቻለሁ አልኩ፣ ጣሪያውም አልወደቀም። ወረቀቱን የጻፋችሁ እጃችሁን አውጡ ስል መጀመሪያ የወጣው የርእሰ መምህሯ እጅ ነው። እሷ ስታወጣ እንባዬ መጣ። ወቅቱን ሙሉ ሳማት የከረምኳት ሴት!

አሥራ አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ከልጄ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ነው፤ ጣቶቼን ሲያስከፍትና ሲያስጨብጥ፣ ሲያስነሣና ሲያራምድ ዓይኑን አልሰበረም፤ ወደድኩት። የበሽታውን ስም ነገረኝ። ፓርኪንሰን። ይኸው ጻፍኩት። ይህን ስም አልጋ ጫፍ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አላውቅም፤ እኔ ስሰማው ግን ለካ ጆሮ ላይ ሌላ ክብደት አለው።

መድኃኒት አለው፣ እንቅስቃሴ አለው፣ ብዙ ጥሩ ዓመት ይኖረኛል አለ። ሲጽፉ ሆን ብለው ትልልቅ አድርገው ይጻፉ አለኝ። ይህን ገጽ በትልልቁ ጻፍኩት፤ የአንደኛ ክፍል ደብተር መስሏል። ልጄ መኪና ውስጥ «አርባ ደቂቃ ነበር እኮ እማዬ» ብላ አለቀሰች። አብረን አለቀስን። ከዚያ ራበን።

አሥራ አንደኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠቅላላ ስብሰባና ምርጫ ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ አሰብኩበትና ከምርጫው በፊት ተነሥቼ ከአስተባባሪነት መልቀቄን ተናገርኩ። ንግግሬን በሚገባ ነው ያዘጋጀሁት። ሐሙስ ማስተማሬን እንደማላቆም፣ ወረቀት ሥራው ግን አዲስ ሰው እንደሚፈልግ ገለጽኩ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ፋታ ሰጠሁ። እውነቱን ልናገር፤ «ኧረ በጭራሽ» እንዲሉኝ ነው ፋታውን የሰጠሁት።

ማንም በጭራሽ አላለም። አጨበጨቡ። ረጅም ጭብጨባ ነበር፣ ሞቅ ያለ ነበር፣ ግን የስንብት ነበር። ርእሰ መምህሯ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጠች። ሾፌሩ ጆሮዬ ሥር «አይዞዎት ሲስተር፣ እኔም መሪውን ስለቅ ተሳፋሪው ያለቅሳል ብዬ ነበር» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ቅር አላለኝም ብል ደብተሬን መዋሸት ነው፤ ብሎኛል።

አዲሷ አስተባባሪ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግታ የቀጣዩን ወቅት ተማሪ መመዝገብ ጀመረች። ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ሻይ እየቀዱ ወደ እኔም ወደ ሌላም አያዩም። ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩና ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ስድስተኛ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ርእሰ መምህሯ ቀና እንኳ ሳትል፣ ለሁሉም በምትጠይቅበት ድምፅ ጠየቀችኝ።

«የትኛው ክፍል?»

«ሥዕል።»

«የቀድሞ ልምድ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ አፌን ሞልቼ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ምንም የለኝም» አልኩ።

እንዳልኳት ጻፈችው። ማክሰኞ በአራት ሰዓት እጀምራለሁ።